ካርዴ ላይ የተጻፈችው አንዲት መስመር

እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። በእርግዝና ክትትል ካርዴ ጀርባ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «በጾም ምክንያት የአመጋገብ ምክር አልቀበልም ብላለች» ተብሎ ተጽፏል። ሐሰት ነው። እኔ በዕድሜዬ ቀርቦልኝ እምቢ ያልኩት ምግብ የለም። ያልቀረበልኝን ነው እምቢ አለች የተባልኩት። በዚያች መስመር ምክንያት ሐኪም ተቆጥቶኛል፣ የገዛ ልጄም አኩርፋኛለች። ካርዱ እስከ ዛሬ አለኝ። በላስቲክ ጠቅልዬ ከልጆቼ የክርስትና ወረቀት ጋር አስቀምጬዋለሁ።

የጤና ጣቢያውን ስም አልጽፍም። መስመሯን የጻፈችውን ነርስ ስምም አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራው እስከ መጨረሻ ያነበበ ይረዳዋል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደል ብሳሳት ይቅር በሉኝ። ነገሩን ግን አልሳሳትም።

ተዋበች እባላለሁ። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ጂንካ የቀረ ሰው ነበር። እኔም እዚያው ተወልጄ አድጌ ባል ሳገባ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወይጦ ወረድኩ። ባለቤቴ ግዛው ጥጥ እርሻ ላይ የውሃ ሞተር ጠባቂ ነበር። እኔ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ከፍቼ ወደ ጂንካ የሚወጣውን ሾፌር ሁሉ እንቁላል በዳቦ አበላ ነበር። ልጃችን አልማዝ ባሏ ጥሏት ሲሄድ ሕፃኗን ቤዛን ይዛ እኛ ጋ ተመለሰች። ስለዚህ ይህ ሕመም ሲያገኘኝ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አያትም ነበርኩ።

መጀመሪያ የወር አበባዬ ቀረ። ዕድሜዬ ነው አልኩ። ቀጥሎ ማዞርና ማስመለስ መጣ። ወይጦ ላይ ያዞረው ሰው ሁሉ ወባ ነው የሚባለው፤ ክሊኒክ ሄጄ የወባ ኪኒን ዋጥኩ። አልለቅ ሲለኝ ሌላ ቦታ ታይፎይድ ነው አሉኝ። ሦስተኛው ደግሞ ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ተዪ አለኝ። በርበሬ ከቤቴ ካለቀ ቆይቶ ነበር።

በሽታዬን ያገኘችው አልማዝ ናት። ልብስ ስቀይር አየችኝ።

«እማዬ፣ ይሄ ሆድ የጨጓራ አይደለም» አለችኝ።

«ዝም በይ። ነፋስ ነው።»

«ነፋስ እግር አለው እንዴ? ሲራገጥ አየሁት እኮ!»

እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሽንት ሰጠሁ፣ ሆዴ ተዳሰሰ፣ ስድስት ወር ሊሞላው ነው ተባልኩ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሰምተው ሳቁ። አንዷ «ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ አንቀልባ ሊታዘሉ ነው!» አለች። «አንቀልባውን ካልለመንኩሽ ምን አገባሽ?» አልኳት።

ነርሷ አልሳቀችም። ሲስተር ነበር የምንላት፤ ቀጭን፣ ፊቷ የደከመ፣ ዕድሜዋ ከአልማዝ ብዙም የማይበልጥ። ደም ግፊቴን ለካች። ትንሽ አስቀምጣኝ ደግማ ለካች።

«ከፍ ብሏል። ደምሽ ደግሞ አንሷል። ዕድሜሽም ገፍቷል። ይሄ አደጋ ያለው እርግዝና ነው፣ ይገባሻል? በየሁለት ሳምንቱ ትመጫለሽ። እንቁላል፣ ወተት፣ ስጋ፣ አትክልት ትበያለሽ።»

እየቆጠረች ጣቷን ባጠፈች ቁጥር ቤቴ በዓይኔ መጣ። ዝናቡ ሁለት ዓመት ከድቶናል። ወንዙ ሲጎድል የግዛው ሥራ ቆመ፤ እሱም ጂንካ የቀን ሥራ ፍለጋ ወጣ። ዱቄት ሲወደድ ሻይ ቤቴን ዘጋሁ። ያን ጠዋት ከቤት ስወጣ ጆንያው ሥር የቀረችው በቆሎ ለቤዛ ንፍሮ ብቻ የምትበቃ ነበረች። እኔ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ውሃ ጠጥቼ ነው የተኛሁት።

«ትበያለሽ ወይ?» አለችኝ ደግማ።

በሩ ክፍት ነበር። አግዳሚው ላይ ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ሻይ ቤቴ ተቀምጠው የበሉ ናቸው።

«ሲስተር፣ ጾም ነው እኮ» አልኳት።

ሁዳዴ ከገባ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር። ያን ዓመት ሁዳዴ ሲገባ የተደሰትኩትን ያህል በፋሲካም ተደስቼ አላውቅም። ሻይ ቤቱ ለምን ተዘጋ? ጾም ነው። ለምን ከሳሽ? ጾም ነው። ከምድጃሽ ጭስ ጠፋ ምነው? ጾም ነው፣ ምን ይሠራል ብለሽ። ለሰው ሁሉ ሳበላ የኖርኩ ሴት ራበኝ ብዬ አፌን ከምከፍት መሬት ብትከፈት ይሻለኝ ነበር። ጾሙ ገመናዬን ሸፈነልኝ።

ሲስተር ቀና ብላ ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ አጎንብሳ ያቺን መስመር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አልጠየቅኋትም፤ ካርዱንም ገልብጬ አላየሁትም። ጤና ጣቢያው ለተቸገሩ ነፍሰ ጡሮች የበቆሎና የአኩሪ አተር ዱቄት ከዘይት ጋር እንደሚሰጥ፣ እሷም የምትይዘው የስም ዝርዝር እንዳለ ያን ቀን አላወቅኩም።

ያወቅኩት በሁለተኛው ቀጠሮዬ ነው። ከጎኔ ጋዲ የምትባል፣ አማርኛ ብዙ የማትችል የበና ሴት ተቀምጣለች። ሦስተኛ እርግዝናዋ ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሞተው ነበር የተወለዱት፤ ስለዚህ እሷም እንደ እኔ አደጋ አለባት ተብላ ነው የምትመላለሰው። ሲስተር ጠርታት «ትናንት ምን በላሽ?» ስትላት ድምፅዋን ዝቅ እንኳ አላደረገችም።

«ምንም የለም። የሽፈራው ቅጠል ቀቀልኩ፣ በላሁ። ትናንት ቅጠልም የለም። ራበኝ። ስጡኝ!»

ሴቶቹ ሳቁባት። ጋዲ ግን ስሟ ዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ዱቄቷን ተሸክማ ወጣች። እኔ ስገባ ሲስተር ሌላ ወላድ ይዛ ስለነበር ሌላ ሠራተኛ መዘነኝ። «ጎበዝ፣ ጨምረሻል» አለኝ። እግሬ ጫማ እምቢ ብሎ በነጠላ ጫማ ነው የሄድኩት። ፊቴ አብጦ ጎረቤት ሁሉ «ጾሙ ተስማማሽ፣ ወፈርሽ» ይለኝ ነበር። እብጠት እንጂ ውፍረት እንዳልሆነ፣ ግፊት ያለባት እርጉዝ ሰውነቷ ውሃ እንደሚቋጥር ማንም አልነገረኝም። እኔም ሚዛኑን አምኜ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ሳልበላ የወፈርኩት ምን በልቼ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ሲስተር በኋላ መጥታ ግፊቴን ስታየው ግን ፊቷ ጠቆረ። ኪኒን ሰጠችኝና «ጾሙን እንዲፈቱልሽ የንስሐ አባትሽን ጥሪያቸው» አለችኝ።

ስወጣ ጋዲ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«አንቺ ውሸታም ነሽ» አለችኝ።

«ማንን ነው ውሸታም የምትይው?»

«አንቺን! ሆድሽ ይጮሃል። አፍሽ ጾም ይላል። እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ ሰማሁ። የዚህ ሆድ ቋንቋ አማርኛ አይደለም፣ እኔ አውቀዋለሁ።»

ከዱቄቷ በሁለት እጇ ዘግና ነጠላዬ ላይ ልታፈስልኝ ስትል እጇን ያዝኩ። «ተዪ፣ ጾም ነኝ» አልኩ። አፌ ለምዶት ነው።

ጋዲ ከትከት ብላ ሳቀች። «ይሄ ዱቄት ነው! ላም አይደለም!»

ያን ጊዜ ነው እንደ መብረቅ የመታኝ። እውነቷን ነው። ዱቄትና ዘይት ምን ጾም ያስፈታል? ታዲያ ጾም ነኝ ስላልኩ ከዝርዝሩ ለምን ቀረሁ? ይህን ጥያቄ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ተሸክሜዋለሁ። ያን ጊዜ ተመልሼ ብጠይቅ ኖሮ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር። አልተመለስኩም። ተመልሼ መጠየቅ ማለት፣ ሰው በሞላበት አግዳሚ ፊት፣ ጾሙ ውሸት ነው ማለት ነው። ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው የምለው ለዚህ ነው። የእኔን ግማሽ እዚህ ጽፌያለሁ። የሌላውን ግማሽ ባለቤቱ ይጻፍ።

የጋዲን ዱቄት ለቤዛ ገንፎ አደረግሁላት። ድስቱን እኔ ጠረግሁ።

የንስሐ አባቴን አልማዝ ጠርታቸው መጡ። «ቤተ ክርስቲያን በታመመና ባረገዘ ላይ አትጨክንም» አሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ፈትቼሻለሁ፤ ያገኘሽውን ብዪ።»

«እሺ አባ።»

ሊሄዱ ተነሥተው ወደ ምድጃዬ አዩ። አመድ እንኳ አልነበረበትም። በማግስቱ በዘንቢል ስኳር ድንች ላኩልኝ። እሳቸውም የሚበሉት እንደሌላቸው አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ በአባ ፊት መደበቂያዬ ፈረሰ። አባ ጾሙን ፈቱልኝ፤ ጾሙ ግን እኔን አልፈታኝም።

ለሰውም ለሲስተርም ግን አሁንም ጾመኛ ነኝ ማለቴን ቀጠልኩ። ፋሲካ በቀረበ ቁጥር ጭንቀቴ ጨመረ። ሌላው ሰው ቀን የሚቆጥረው ለመፈሰክ ነው፤ እኔ የምቆጥረው ሰበቤ የሚያልቅበትን ቀን ነበር። የትንሣኤ ለት ምን ልል ነው? ያን ለት ያልበላ ሰው ምን ይላል? በመካከል የልጁ እንቅስቃሴ ይጠፋብኛል፤ በጎኔ ጋደም ብዬ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ አንዴ ገፋ ሲያደርገኝ እፎይ እላለሁ። በቀን አሥር ጊዜ እንዲህ ነበርኩ።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጠዋት ራሴን ለሁለት የሚከፍል ሕመም ያዘኝ። ከዓይኔ ፊት ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር መጣ፤ ከዚያ የአልማዝ ፊት ግማሹ ጠፋብኝ። እህቶቼ፣ ይህን ልብ በሉ፦ ነፍሰ ጡር ሆና ራሷን አጥብቆ ያመማት፣ ዓይኗ ብልጭ ያለባት፣ ፊቷና እጇ ያበጠባት ሴት ነገ እሄዳለሁ አትበል። ያን ሰዓት ትሂድ።

ጤና ጣቢያው ግፊቴን ሲያይ መርፌ ወግቶኝ ወደ ጂንካ ላከኝ። አምቡላንሱ ሩቅ ሄዶ ነበር። ሻይ ቤቴ ሲበላ የኖረ የአይሱዙ ሾፌር ጭነቱን ሳይጨርስ ከነቤዛ ጋቢና አስገባን። «እትዬ ተዋቡ፣ የዛሬው መንገድ በእንቁላል በዳቦው ይሁን» አለኝ ሊያስቀኝ። ካኮ ከተማን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ አልማዝ የተሰጣትን ወረቀት ልታደራጅ ካርዴን አወጣች። አነበበችው። ጀርባውንም አነበበችው።

«እማዬ፣ ምግብ ሊሰጡሽ ነበር እንዴ?»

ካርዱን ዓይኔ ሥር አቀረበችው።

«እምቢ አለች ነው የሚለው! ቤዛ በራብ እያለቀሰች፣ እኔ ቅጠል ስለቅም እየዋልኩ፣ አንቺ ለጽድቅሽ ብለሽ እምቢ አልሽ?»

«አላልኩም…»

«ተጽፏል እኮ!»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጂንካ እስክንደርስ አላናገረችኝም። ከራስ ምታቱ ይልቅ ያ ዝምታ ነው ያመመኝ። የተጻፈ ነገርን ከእናቷ ቃል በላይ አመነች። አልፈርድባትም፤ ፊደል እንድትቆጥር የለፋሁት እኔው ነኝ።

ጂንካ ስደርስ ሽንቴ ተመርምሮ በሽታው የእርግዝና ግፊት ነው፣ ወደሚጥል ደረጃ ሊያልፍ ነው አሉኝ። የወጉኝ መርፌ ከጉሮሮዬ እስከ እግሬ እሳት የተለቀቀብኝ ያህል አቃጠለኝ። መፍትሔው ልጁን ማውጣት ብቻ ነው ተባለ። ገና ሰባት ወር ተኩል ነው። ከእናትና ከልጁ አንዳቸው ብቻ ይተርፉ ይሆናል የሚል ነገር ከበር ውጭ ለአልማዝ ሲነገራት ሰማሁ። የስቅለት ዕለት ሆዴ ተከፈተ። ሴት ልጅ ወጣች፤ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ። ስታለቅስ ድምፅዋ የድመት ግልገል ይመስል ነበር፤ ግን አለቀሰች።

በማግስቱ አንድ ወጣት ዶክተር ካርዴን ይዞ መጣ። «እናቴ፣ ይሄ ሁሉ በምግብ እጥረት የመጣ ነው አልልም። ግፊት ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ግን ደምሽ እንዲህ አልቆ፣ ልጅቷ እንዲህ ቀጭና… እንዴት ምግብ እምቢ ይባላል? እግዚአብሔር ይህን ጠይቆሻል?» አለኝ። ዶክተሩ ክፉ አልነበረም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበው። አልማዝ አልጋው ራስጌ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። የተሰፋው ሆዴ ስለማያስቀምጠኝ ተኝቼ ነው የሰማሁት፤ እንባዬ በጆሮዬ በኩል ይወርድ ነበር።

የትንሣኤ ለት የክፍሉ ሰው ሁሉ ከቤቱ ምግብ መጣለት። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ከጎኔ የተኛችው የአሪ ሴት፣ አማቷ ያመጣችላትን ድንች መሰል የተቀቀለ ቦዬ ከፍላ ሳትጠይቀኝ ትራሴ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ምን ያስፈጥጥሻል? ብዪ እንጂ። ወተት ከድንጋይ አይታለብም» አለች። እየበላሁ ሳለ ግዛው ገባ። እንደታመምኩ የሰማው ያን ጠዋት ነው። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል። በላስቲክ አራት የተቀቀለ እንቁላል ይዞ ነበር።

«ለምን አልላክሽብኝም?» አለኝ።

«አንተስ ምን በልተህ ታድራለህ?»

«ውሃ ጠጥቼ» አለኝ። እሱም ጂንካ እራት ሳይበላ እያደረ «ደህና ነኝ» ብሎ ይልክብኝ ኖሯል። አልማዝ ይህን ስትሰማ ቀስ ብላ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። «አንቺም ጾም ነኝ ያልሽው…» ብላ ጀመረች። እንቁላሉን ላጥ ላጥ አድርጋ አጎረሰችኝ።

ልጅቷን ደረቴ ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ በነጠላ አስረው ሰጡኝ። ሙቀቴ ነው የሚያሳድጋት አሉኝ። መጀመሪያ ጡቴ ደረቅ ነበር። ከአሪዋ ሴት ቦዬ፣ ከግዛው እንቁላል፣ ከነርሶቹ ሻይ እየቀመስኩ በአምስተኛው ቀን ወተት መጣ። ስሟን ምሕረት አልናት። ከወር በላይ ቆይተን ወጣን። የእኔ ግፊት አልለቀቀኝም፤ እስከ ዛሬ ኪኒን እወስዳለሁ። ምሕረት ግን ዘንድሮ አሥር ዓመቷ ነው፤ ስትሮጥ የሚይዛት የለም። ጋዲም ወለደች፤ ልጇ ቆሞላታል። ገበያ ስንገናኝ እስከ ዛሬ «ጾመኛዋ!» እያለች ትጣራለች፤ ሰው ዞሮ ያየናል።

እንደተሻለኝ መስመሯ እንድትሰረዝልኝ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ሲስተር ተዛውራለች። መዝገብ ቤት ያለው ሰው «የተጻፈ አይሰረዝም፣ እማማ። ደግሞስ ድናችሁ የለ?» አለኝ። ድኛለሁ። መዳኔ ሐሰቱን እውነት ያደርገዋል? ሁለተኛ ሄድኩ፣ ሦስተኛ ሄድኩ፤ ለወረዳው በእጄ ማመልከቻ ጻፍኩ። «ይጣራል» ተባልኩ።

ዘንድሮ አልማዝ እንደገና አግብታ፣ ጂንካ ገብታ፣ አረገዘች። ግፊቱ እሷንም ጀማመራት። አብሬያት ለክትትል ሄድኩ፤ ካርዴም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ሐኪም ቤት ስሄድ ሁልጊዜ ካስቀመጥኩበት አውጥቼ እይዘዋለሁ። ተራችን ደርሶ ስንገባ ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ሲስተር ናት። መነጽር አድርጋለች፣ ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። አላወቀችኝም። አልማዝን ከመለካቷ በፊት ተነሥታ በሩን ዘጋች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቤት ውስጥ ዛሬ ምን አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

አልማዝ መልሳ ስትጨርስ ካርዴን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። የገዛ ጽሑፏን አነበበች። መነጽሯን አወለቀች።

«የወይጦዋ… ሻይ ቤት የነበረዎት» አለች። ያኔ አንቺ ነበርኩ።

«አዎ። አንዲት ነገር መልሽልኝ። ዱቄትና ዘይት ጾም ያስፈታል?»

«አያስፈታም።»

«ታዲያ ጾም ነኝ ስላልኩ ስሜን ከዝርዝሩ ለምን አስቀረሽው?»

አልማዝ «እማዬ፣ ተዪ» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ሲስተር ግን «ተዪአቸው፣ ይጠይቁ» አለች። ካርዱን በመዳፏ ደጋግማ አለሰለሰችው።

«በወር የሚመጣልኝ ዱቄት የስድስት ሴት ብቻ ነበር» አለች። «አግዳሚው ላይ የምትቀመጡት ከሃያ በላይ። ማንን ልተው? እርስዎ ጾም ነኝ ሲሉኝ እፎይ አልኩ። የማልሰጣትን ሴት ሳልመርጥ አገኘሁ። ራስዎ ሰበብ ሰጡኝ፣ እኔ ጻፍኩት።»

«እውነት መስሎሽ ነው የጻፍሽው?»

ቀና ብላ አየችኝ።

«አይደለም» አለች። «ሆድዎ ሲጮህ እሰማ ነበር።»